«ደርሶኛል»

በሀይሌ ጋርመንት አደባባይ ሲመሽ ከሁሉ ድምፅ በላይ የሚሰማው የታክሲ ረዳቶች ጥሪ ነው። «ጀሞ! ጀሞ!»፣ «ለቡ! የሞላ!»፣ «ሳሪስ! ሳሪስ!» … ቤቴ ከአደባባዩ ብዙም ስለማይርቅ መስኮቴን ካልዘጋሁ በስተቀር ጥሪው ክፍሌ ድረስ ይገባል። እኔም በዚያው ሰዓት ስልኬንና አሮጌ ላፕቶፔን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን በአካል አላውቃቸውም። አንዱ ደብረ ብርሃን ነው፤ ሌላዋ ሐዋሳ፤ ሦስተኛው በሥራው ጠባይ ዛሬ ሞጆ ነገ ሰመራ የሚያድር የጭነት መኪና ሾፌር ነው። በኢንተርኔት የሚሰጥ የዲግሪ ትምህርት ነው፤ የእኔ ድርሻም የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ነው።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ግን የምጽፈው ስለ ድርሰትም ስለ ግጥምም አይደለም። ስለ አንድ መምህር ዝምታ ነው። መምህሩም እኔ ነኝ።

ባለፈው መንፈቅ ለተማሪዎቼ አንድ አጭር ድርሰት እንዲጽፉ ሰጠኋቸው፤ «ከመጽሐፍ ጋር መጀመሪያ እንዴት ተዋወቃችሁ?» የሚል ነበር። ሠላሳ ስምንት ጽሑፎች መጡልኝ። አብዛኞቹን በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ በስልኬ አነበብኋቸው። ደካሞቹን ለመመለስ ጊዜ አልፈጀብኝም፤ «ሐሳብህ አልተያያዘም፤ ሁለተኛውን አንቀጽ እንደ ገና ጻፈው» ማለት የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው። አንዱን ጽሑፍ ግን ገና የመጀመሪያውን ገጽ እንዳነበብሁ ስልኬን ወደ ኪሴ መለስሁት።

ጸሐፊዋ በልብስ ስፌት ሥራ የምትተዳደር ሴት ናት። ከመጽሐፍ ጋር የተዋወቀችው በዓይኗ ሳይሆን በአባቷ ጆሮ እንደ ሆነ ነበር የጻፈችው። አባቷ በወጣትነቱ ዘበኛ ሳለ፣ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው ዝግጅት ሲተርከው፣ የጎረቤት ሬዲዮ ሥር ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ማንበብ የማይችለው ሰው የሰማውን በቃሉ ይዞ ከዓመታት በኋላ ለልጆቹ እንደ ገና ተረከላቸው። እርሷም የሐዲስ ዓለማየሁን መጽሐፍ በ20 ዓመቷ ገዝታ ስታነብ አንዳንዱ ቦታ «አባቴ ከነገረኝ ያነሰ» ሆኖ አገኘችው። እንዲህ ያለ አረፍተ ነገር የሚጽፍ ተማሪ በየዓመቱ አይገኝም!

ታዲያ ለምን አልመለስሁላትም? ጽሑፉ ስላማረኝ ነው። በሁለት መስመር መመለስ ነውር መሰለኝ። ቅዳሜ ሲሆን ቡናዬን አስቀርቤ፣ ተረጋግቼ፣ ለሥራዋ የሚመጥን ረጅም መልስ እጽፍላታለሁ ብዬ ለብቻው አኖርሁት። ቅዳሜ ለቅሶ ነበረብኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ መብራት አልነበረም። ከዚያ በኋላ ያለውን ማስረዳት እንኳ ያሳፍራል፤ የዘገየ መልስ በዘገየ ቁጥር እየከበደ ይሄዳል፤ መዘግየቱን የሚክስ የረዘመና ያማረ መልስ መሆን አለበትና፤ ስለዚህም ይበልጥ ይዘገያል። ደካሞቹ በዕለቱ መልስ ሲያገኙ፣ የክፍሉ ምርጥ ጽሑፍ 19 ቀን ያለ መልስ ተቀመጠ።

በአራተኛው ቀን «መምህር፣ ላስቸግርዎት ነው፤ የላክሁት ደርሶዎት ይሆን?» የሚል መልእክት ላከችልኝ። በአሥራ አንደኛው ቀን ደግሞ «ይቅርታ መምህር፣ ስሕተት ካለበት አስተካክላለሁ» የሚል መጣ። ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ። ቴሌግራም ደግሞ ማየትን አይደብቅም፤ ከመልእክቱ ጎን ሁለቱ ምልክቶች ሲታዩ መምህሯ እንዳነበበና ዝም እንዳለ ታውቃለች። ከዚያ በኋላ መልእክት አልመጣም። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ!» ብሎ መልስ ያጣ ሰው ሁለተኛም ሦስተኛም ይጮኻል። ተማሪ ግን ሁለት ጊዜ ተጣርቶ መልስ ሲያጣ ድምፁን አጥፍቶ ይወርዳል።

በ19ኛው ሌሊት ጽሑፉን ከፍቼ እስከ መጨረሻው አነበብሁት። የመጨረሻው አንቀጽ ድርሰቱን የጻፈችው በስልኳ፣ ከሥራ መልስ፣ በሀይሌ ጋርመንት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ እንደ ሆነ ይናገራል። እኔም የመጀመሪያውን ገጽ ያነበብሁት በዚያው ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር። ምናልባትም በአንድ ምሽት፣ በአምስት ሰው ልዩነት …

የርቀት ትምህርት ሊቅ የሆኑት ማይክል ሙር፣ በትምህርት ውስጥ ያለው ርቀት የመልክዓ ምድር ርቀት ብቻ እንዳልሆነ፣ ይልቁንም በመምህርና በተማሪ መካከል የሚፈጠር የመግባባት ክፍተት እንደ ሆነ ካስረዱ ብዙ ዘመን ሆነ። ይህን ሐሳብ በንባብ አውቀው ነበር፤ ለባልደረቦቼም በኩራት ጠቅሼው አውቃለሁ። የገባኝ ግን ያን ሌሊት ነው። የሾፌሩ ተማሪዬ አፋር ሆኖ ቅርቤ ነበረ፤ በየሳምንቱ እንነጋገራለንና። የሠፈሬ ልጅ ግን የ19 ቀን መንገድ ርቃብኝ ነበር።

በዚያው ሌሊት ጻፍሁላት። ረጅሙን፣ ያማረውን መልስ። አላየችውም። በማግሥቱም፣ በሳልስቱም አንድ ምልክት ብቻ። ስልኬን በየሰዓቱ እያወጣሁ ስመለከት ራሴን ያዝሁት። ለካስ ይህን ያህል ይከብድ ኖሯል!

በአምስተኛው ቀን ደወልሁላት። አደባባዩ አጠገብ ካለች ጀበና ቡና ዱካ ላይ ተቀምጠን ተነጋገርን። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ማሽን የጻፈው መስሎዎት እያስመረመሩት ነው ብዬ ነበር፤» አለችኝ አንገቷን ደፍታ። በዚያ ሰሞን ትምህርት ቤታችን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ ሥራ የሚያቀርብ ተማሪ እንደሚቀጣ ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር። እርሷም ዝምታዬን ከማስታወቂያው ጋር ገጣጥማ ፍርድ አድርጋ ተረጎመችው። «ከአባቴ የሰማሁትን ነው የጻፍሁት መምህር፤ ማረጋገጫ አምጪ ቢሉኝ ምን አመጣለሁ? እርሱ ሞቷል።»

ምን ልበላት? «በጣም ስለ ወደድሁት ነው ያልመለስሁልሽ» ብዬ ነገርኋት። እውነት ነበር፤ እንደ ውሸት ግን ተሰማ።

«ዝምታ ወርቅ ነው» እንላለን። ለሸንጎና ለጎረቤት ጠብ ይሆን ይሆናል፤ ፊት ለሌለው ትምህርት ግን አይሆንም። ክፍል ውስጥ የመምህር ዝምታ ብቻውን አይመጣም፤ ዓይን አለው፣ የጠመኔ አያያዝ አለው፣ ተማሪው ሲያልፍ ትከሻውን መታ የሚያደርግ እጅ አለው። ተማሪው መምህሩ እንደ ደከመው ያያል፤ ጉንፋን እንደ ያዘው ይሰማል። በስልክ መስኮት ግን ዝምታ ባዶ ነው፤ ባዶውን ደግሞ ተማሪው በራሱ ፍርሃት ይሞላዋል። ቸልተኛው ተማሪ «መምህሩ ረስቶት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ትጉሁና ዓይን አፋሩ ግን «እኔ አልረባም ማለት ነው» ይላል። ዝምታችን መርጦ የሚጎዳው ልንይዛቸው የሚገቡንን ነው።

አባቶቻችን ይህን ያወቁት ይመስለኛል። የቅኔ ተማሪ ቀኑን ለብቻው፣ ከሰው ርቆ ቅኔውን ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል፤ በዘመኑ ቋንቋ «በራሱ የሚማር» ተማሪ ነው። ብቻውን የቆጠረውን ግን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ እዚያው ያርምለታል፤ ይቀበለዋል ወይም ይጥልበታል። የኔታ ሊቆጣ ይችላል፤ ኩርኩምም ሊኖር ይችላል። መልስ አልባ ሆኖ የሚቀር ቅኔ ግን የለም። ብቸኝነቱን የሚያስችለው ያ የነገራ ሰዓት ነው።

በፈረንጆቹም ዘንድ ታሪኩ ከዚህ አይርቅም። አይዛክ ፒትማን የተባለው እንግሊዛዊ ከ1840 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አጭር ጽሕፈትን በፖስታ ሲያስተምር፣ ትምህርት ያደረገው የላከው ካርድ ሳይሆን የተመለሰው ነው፤ ተማሪው ሠርቶ ይልካል፤ ታርሞ ይመለስለታል። ያ መመላለስ ባይኖር ነገሩ ማስታወቂያ መበተን በሆነ ነበር። ኔልሰን ማንዴላ የሕግ ዲግሪያቸውን በ1989 እ.ኤ.አ. ከደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ (ዩኒሳ) ያገኙት እስረኛ ሳሉ፣ በርቀት ተምረው ነው። እስር ቤት ላለ ሰው ታርሞ የተመለሰ ወረቀት ምን ማለት እንደ ሆነ ለመገመት እስረኛ መሆን አያሻም።

በእኛ አገር እኔ ራሴ የርቀት ተማሪ ነበርሁ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሞጁሎቼን በፌስታል ይዤ ከክፍለ ሀገር ከተማ ወደ ክፍለ ሀገር ከተማ የምዞር ጀማሪ መምህር ሳለሁ። ስሙን የማልጠራው ተቋም የቤት ሥራዬን የመለሰልኝ ፈተናውን ከተፈተንሁ ከሁለት ወር በኋላ ነበር። በወረቀቱ ዳርቻ ሦስት ጥያቄዎች ጽፌ ነበር። የተመለሰልኝ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ «14/20» ብቻ ነው። ስድስቱ ምን እንደ በላቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ወረቀቱን ግን አልጣልሁትም፤ አሁንም ከመጻሕፍቴ መካከል አለ። ያ ቀይ ቁጥር ይህን ያህል ሲያንገበግበኝ ኖሮ ያንኑ በደል ለሌላ ሰው ማድረሴ ነው የሚገርመኝ።

በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ መንግሥት በትምህርት ጥራት ምክንያት የርቀት ትምህርትን ማገዱን፣ ከወራት በኋላም እገዳውን በቅድመ ሁኔታ ማንሣቱን የሚያስታውስ ያስታውሳል። በዚያን ጊዜ በየሻይ ቤቱ የሰማሁት ክርክር ስለ ፈተና መሰረቅ፣ ስለ ሞጁል ጥራት፣ ስለ ሕንፃና ስለ ዕውቅና ፈቃድ ነበር። «ተማሪው ጥያቄ ሲልክ በስንት ቀን መልስ ያገኛል?» ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም። ዛሬም አልሰማም። የትምህርት ጥራት ሲለካ መልስ የሚፈጀው ጊዜ አብሮ ቢለካ፣ ብዙዎቻችን መምህራን እንወድቃለን።

ከዚያ ኮሮና መጣ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ትናንት ጠመኔ ይይዝ የነበረው ሁሉ በአንድ ሳምንት የኢንተርኔት መምህር ተባለ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አብዛኞቻችን ያደረግነው ፒዲኤፍ መወርወር ነበር። ምዕራፍ አንድን በቴሌግራም እንጥላለን፤ ከሳምንት በኋላ ምዕራፍ ሁለትን እንጥላለን። «አስተማርን» እንላለን። በሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ መገደል በኋላ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለሦስት ሳምንታት ገደማም ጠፍቶ ቆየ። ሲመለስ ያስተዋልሁት አንድ ነገር አለ። አንዳንዱ መምህር ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጣዩን ምዕራፍ ጣለ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ግን «ሁላችሁም ደህና ናችሁ? ስማችሁን እየጻፋችሁ ደህንነታችሁን አሳውቁኝ» ብላ ጻፈች፤ ያን ቀን ከዚህ ሌላ አላስተማረችም። የእርሷ ተማሪዎች እስከ መጨረሻው ከእርሷ ጋር ዘለቁ። የእኔዎቹ … እኔ ቀጣዩን ምዕራፍ ከጣሉት ወገን ነበርሁ።

ይህን ሳወራ ባልደረቦቼ የሚሉትን አውቃለሁ፤ እኔም ስለው ኖሬአለሁና። «በተማሪ ራስ እየተከፈለን፣ መቶና ሁለት መቶ ተማሪ ተሸክመን፣ መብራት እየጠፋ፣ የካርዱን ወጪ ከኪሳችን እየቻልን፣ ሌሊትና ቀን መልስ ስንጽፍ እንኑር?» ይላሉ። ቅሬታው እውነት ነው። መምህሩን በሰዓት ሳይሆን በውጤት ወረቀት ብዛት የሚከፍል ትምህርት ቤት፣ መልስ መስጠትን እንደ መምህሩ ጽድቅ እንጂ እንደ ሥራ አልቆጠረውም። ይህ መለወጥ አለበት፤ አንድ መምህር በስሙ ለይቶ ሊመልስላቸው ከሚችለው በላይ ተማሪ መመዝገብም ንግድ እንጂ ትምህርት አይደለም።

ይሁንና ሌሊትና ቀን ዝግጁ መሆንን ማንም አልጠየቀንም። ሌሊት 7 ሰዓት ለሚመጣ ጥያቄ በ5 ደቂቃ የሚመልስ፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት የሚጠፋ መምህር አይቻለሁ፤ ተማሪዎቹ ከሁሉ የባሰ የተጨነቁት እርሱ ጋር ነበር። የሚያስጨንቀው የመልሱ ማጠር አይደለም፤ መቼ እንደሚመጣ አለመታወቁ ነው። ያን የዘበኛ አባት ወደ ጎረቤት ሬዲዮ የሚመልሰው ምን ነበር? ወጋየሁ ንጋቱ አድማጩን በስም አያውቀውም፤ ጥያቄውንም አይመልስለትም። ሰዓቱን ግን ያከብራል፤ በተባለው ቀን፣ በተባለው ሰዓት ያ ድምፅ ይመጣል። ለዚህ ነው ሰው ሥራውን አስተካክሎ የሚጠብቀው። ሰዓቱን ጠብቆ የሚመጣ ድምፅ ከሩቅም ቢሆን ዘመድ ይሆናል።

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። ሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል እመልሳለሁ፤ ሌላ ጊዜ አልመልስም፤ ይህንንም በመጀመሪያው ቀን ለተማሪዎቼ ጽፌአለሁ። የመጣልኝን ሥራ ባየሁበት ቅጽበት ግን አንዲት ቃል እልካለሁ፤ «ደርሶኛል»። ከቻልሁ «ሐሙስ እመለስበታለሁ» እጨምራለሁ። ኢንተርኔት ሲጠፋ በተራ የስልክ መልእክት «ዛሬ አልቻልሁም፤ ሰኞ» እላለሁ። ያማረውን ረጅም መልስ መጠበቅ ትቻለሁ፤ የሐሙስ ሦስት መስመር ካልደረሰው የቅዳሜ ሦስት ገጽ ይሻላል። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ «የባንክ ጸሐፊ ሆንህ» ብሎ ሳቀብኝ። ይሁን፤ ባንክ ገንዘቤን ሲቀበል ደረሰኝ ይሰጠኛል። ሰው የአባቱን ድምፅ ልኮልኝ ደረሰኝ አልሰጠሁትም ነበር።

የቡናው ነገር ግን አላለቀም። ሁለተኛው ስኒ ሲቀዳ፣ ለመንፈቁ ምዝገባ ጥቂት ቀናት እንደ ቀሩና ብትመለስ ደስ እንደሚለኝ ነገርኋት። ወዲያው አልመለሰችልኝም። በአደባባዩ የሚዞሩትን ታክሲዎች ስትመለከት ቆየችና፣ «ሐሙስ ማታ በእርግጥ ይኖራሉ?» አለችኝ።

«እኖራለሁ።»

«እስቲ እናያለን መምህር፤» አለችና ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ሰልፉ ሄደች።

የሚቀጥለው ሐሙስ ልክ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ የሠፈራችን መብራት ድርግም አለ። ዋይፋዩም አብሮት ሄደ። የስልኬ ባትሪ 9 ከመቶ ያሳያል። ጃኬቴን ደርቤ ወደ አደባባዩ ወረድሁ፤ አንዲት ጄኔሬተር ያላት ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ ባለሱቁን አስፈቅጄ ስልኬን ሰካሁ። ረዳቶቹ «ጀሞ! የሞላ!» ይላሉ። 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ላይ አንድ ፋይል ገባ። ስሟ ነበር። ርእሱን እንኳ ሳላነብ ጻፍሁ፤

«ደርሶኛል።»

ሀይሌ ጋርመንት፣ አዲስ አበባ